የሕግ ትምህርት በባሕር ማዶ፤ ሥራው በአገር ቤት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችንን በዓል ምክንያት በማድረግ ስለ ሙያዬ ጥቂት ቃል እናገር ዘንድ ስለ ጋበዛችሁኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ከተማሪዎች ማኅበር አስቀድሞ የደረሰኝ ጥያቄ፤ «ሕግ ተምሮ፤ በውጭ አገር ማስተርስ ጨምሮ ለተመለሰ ሰው እዚህ በቂርቆስና በካዛንቺስ ሥራ ይገኛልን?» የሚል ነው። መልሴ አዎን ይገኛል ነው። ነገር ግን ሥራውን የሚያስገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከመሄዱ በፊት እዚህ የያዘው ዕውቀት ነው።

በአገራችን የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ በፊት በሕግ ዲግሪ ለማግኘት የሚሻ ወጣት ባሕር መሻገር ነበረበት። ጸሓፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ሕግ የተማሩት በፓሪስ ነው፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ተመልሰው በታላላቅ የመንግሥት ሥራዎች ቆዩ፤ በ1953 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ጥቂት ስለ ነበረ ሥራው ሰውን ይጠብቅ ነበር። ዛሬ በየክልሉ የሕግ ትምህርት ቤት ስላለ፤ ከውጭ መምጣት ብቻውን ወንበር አያስገኝም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም የሕጋችን አሠራር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ረኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ ሊቅ ናቸው። ረቂቁ በፈረንሳይኛ ተጽፎ ወደ አማርኛ ተተረጐመ፤ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። አንቀጾቹ 3367 ነበሩ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ብዙውን የወሰደው ከሕንድ ሕግ ነው፤ የሕንዱም ምንጩ የእንግሊዝ ነው። ስለዚህ በአንድ መዝገብ ውስጥ የውሉ ነገር በፈረንሳይ መንገድ፤ የክርክሩ አካሄድ በእንግሊዝ መንገድ ይሄዳል። ከለንደን የመጣውም ሆነ ከፓሪስ የመጣው ሰው የሚያውቀው ግማሹን ነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቃል ሲለያይ የሚጸናው አማርኛው ነው። ይርጋ፤ አላባ፤ ወለድ አገድ፤ ውርስ አጣሪ የሚባሉትን ቃላት በየቦታቸው መጠቀም የማይችል ሰው፤ በእንግሊዝኛ ምንም ቢራቀቅ በችሎት ፊት አንደበቱ ይታሰራል። ደግሞም በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 454 የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ተወስኗል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ በአማርኛ ታትመዋል። የእንግሊዝን የጌቶች ምክር ቤት ፍርድ በቃሉ የሚያውቅ፤ ከእነዚህ ቅጾች ግን አንዱን እንኳ ያልገለጠ ምሩቅ አይቻለሁ። ሕጉም ባለበት አይቆምም፤ የቤተሰቡ ክፍል በ1992፤ የወንጀሉ በ1997፤ የንግዱ በ2013 ዓ.ም. ተለውጧል።

ጠበቃ ለመሆን የሚፈልግ ሁሉ ከውጭ ያመጣውን ዲግሪ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አስመዝኖ፤ ፈተና አልፎ፤ ከፍትሕ ሚኒስቴር ፈቃድ ማውጣት አለበት። የዛሬው ሥርዓት የቆመው በአዋጅ ቍጥር 1249/2013 ነው። ይኸው አዋጅ ጠበቆች በአንድነት ድርጅት እንዲያቋቁሙ ስለ ፈቀደ፤ ለማስተርስ ባለቤቶች አዲስ በር ተከፍቷል። በዚያው ዓመት የግልግል ዳኝነት አዋጅ ወጣ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ፤ የውጭ ባንኮችም እንዲገቡ ተፈቀደ። ይህን ሥራ በሚገባ የሚያውቀው ገና ጥቂት ሰው ነው። ስለ ግልግል፤ ስለ ባንክ፤ ስለ ግብር ባሕር ማዶ ሄዶ መማር በእኔ አስተያየት ድካሙን ይክሳል። ስለ ባሕር ሕግ ሊማር የተነሣ ወጣት ግን በመጀመሪያ አገራችን ወደብ እንደሌላት ያስብ፤ ቢፈልግ ከዚያ በኋላ ይሂድ።

አሁን ስለ ጎረቤታችን ልናገር። የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1950 ዓ.ም. ሲሆን፤ የአፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ነው፤ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚያው ተወለደ። ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ ስትወርዱ ያን አጥር እያያችሁ ብዙዎቻችሁ «የውጭ ማስተርስ ቢኖረኝ እዚያ እገባለሁ» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ እኛም እንል ነበር። ነገር ግን በዚያ ለሚወጣው ዓለም አቀፍ ቦታ የሚወዳደረው የዳካርም የናይሮቢም የካይሮም ልጅ ነው። ፈረንሳይኛ መጨመር በእጅጉ ይረዳል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ዘንድ ለአገሩ ዜጋ ብቻ የሚከፈት የባለሙያ ቦታም አለ፤ እርሱ ግን የአገር ውስጥ የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የሰብአዊ መብት ማስተርስ ለዚህ ዐይነቱ ሥራ የታወቀ መንገድ ነው፤ ተማሪው የዓመቱን ከፊል በሌላ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሳልፋል።

ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ተመልከቱ። የሕግ ዲግሪያቸውን እዚሁ አዲስ አበባ ያዙ፤ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። ጠላፊዋን ገድላ የተከሰሰች የ14 ዓመት ልጅ የቆመላት ጠበቃ እኒሁ ሴት ነበሩ። በአሜሪካ ኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ ማስተርስ ወስደዋል፤ በኢኮኖሚ ኮሚሽኑም ሠርተዋል፤ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። ወደዚያ አጥር ውስጥ ሲገቡ የሚያውቁትን ችሎት ይዘው ነው የገቡት።

ይህን የምለው በዓለም አቀፍ ሥራ ለማሾፍ አይደለም፤ የሰፈራችን ጉዳይ ስለሚያሳስበኝ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካዛንቺስ ብዙ ሕዝብ ተነሣ። ካርታ ያለው፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ የሆነው፤ የወላጁን ቤት ስም ያላዛወረው፤ ሁሉም ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይል ነበር። ስለ መሬት ማስለቀቅና ስለ ካሳ የወጣው አዋጅ ቍጥር 1161/2011፤ የሊዝ አዋጁም ቍጥር 721/2004 ናቸው፤ ሁለቱም በአማርኛ ተጽፈው ይገኛሉ። ሆኖም አንዲት የማውቃቸው እናት የልጃቸው ጓደኛ የሆነውን፤ ከአውሮፓ በማስተርስ የተመለሰውን ልጅ ቢጠይቁት፤ አቤቱታቸውን መጻፍ ስላልቻለ ወደ ራፖር ጸሐፊ ወሰዳቸው። ራፖር ጸሐፊው በግማሽ ሰዓት ጨረሰላቸው። ልጁ በዚያን ጊዜ ሥራ ፈላጊ ነበር።

ስለዚህ ሕግ ልትማሩ የምታስቡ፤ የመጀመሪያውን ዲግሪ እዚህ ያዙ፤ ሁለት ሦስት ዓመት በዐቃቤ ሕግነት፤ ወይም በረዳት ዳኝነት፤ ወይም ከጠበቃ ጋር ሥሩ፤ ከዚያ በኋላ የትምህርት ዕድል ፈልጉ። በውጭ ሳላችሁ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ስለ ኢትዮጵያ ሕግ ይሁን፤ የጻፋችሁበትን ጉዳይ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ስትመለሱ ታገኛላችሁ። አለቆቻችሁንና የሥራ ጓደኞቻችሁን በደብዳቤ መጠየቅ አትተዉ፤ ክፍት ቦታ መኖሩን ከጋዜጣ በፊት የሚሰሙት እነርሱ ናቸውና።

ከአሁኑ ለመጀመር የሚወድ ተማሪ ካለ፤ በዝግ ካልተባለ በቀር ችሎት ለማንም ክፍት ነው። የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቂርቆስ ምድብ ችሎት ሩቅ አይደለም። የትምህርት ቤት በማይኖርበት ቀን ንጹሕ ልብስ ለብሳችሁ፤ ስልካችሁን ዘግታችሁ፤ ከኋላ ወንበር ተቀመጡና የሰማችሁትን አዲስ ቃል ሁሉ በደብተር ጻፉ። ደብተሩን ለሚያመጣልኝ ተማሪ ቃላቱን አብሬው እፈታለሁ፤ አድራሻዬን ለርእሰ መምህሩ ትቻለሁ።

አሁን ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።