«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» እንዳይሆን

የጓዳንና የጎተራን እህል ከአይጥ ስለመጠበቅ በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር




እንደሚታወቀው በምሥረታ በዓል ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ይሁንና ገበሬው ዓመቱን ሙሉ ደክሞ፣ አርሶ፣ አርሞና አጭዶ ያስገባው እህል ቤት ከገባ በኋላ ሌላ ተካፋይ ይጠብቀዋል። ይህ ተካፋይ የመመዝገቢያ አልከፈለም፤ ዕጣ አልገዛም፤ ስብሰባም አይገኝም። ድርሻውን ግን በየሌሊቱ ያነሳል። ይኸውም አይጥ ነው።

አንድ ትልቅ አይጥ በቀን እስከ 25 ግራም እህል ይበላል። ለዓይን ሲታይ እፍኝ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን በአንድ ግቢ 10 አይጦች ቢኖሩ በቀን 250 ግራም፣ በዓመት 91 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኩንታል ለመሙላት የሚጎድለው 9 ኪሎ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህም የሚበላው ብቻ ሲታሰብ ነው። በሽንትና በኩስ የሚበላሸው ዱቄት፣ ከተቀደደው ጆንያ የሚፈሰው ጤፍ፣ ለዘር ተለይቶ ከተቀመጠው ላይ የሚጎድለው ገና አልተቆጠረም።

አባቶች «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላሉ። ጥፋቱ የአንዱ ሆኖ ዱላው በሌላው ላይ ሲያርፍ የሚነገር ነው። በብዙ ቤት የአይጥ ነገር ራሱ እንደዚሁ ሆኖ ይገኛል። መርዝ ይረጫል፤ ዶሮዋ ትሞታለች። የተመረዘውን አይጥ ድመቷ ትበላና እሷም ትሞታለች። አይጥ እየለቀመች የምታድረው ጉጉት ደግሞ «መጥፎ ምልኪ ናት» ተብላ በድንጋይ ትባረራለች። ከሁሉም የከፋው ዱላው በሕፃን ላይ ሲያርፍ ነው። አይጡ ግን ከወር በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱም ወደ ቤት የጠራው ነገር ከቦታው አልተነሣም።

የአይጥ ጠባይ

ጠላትን ለመከላከል ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን ገጠር ቤቶች በብዛት የሚታወቁት አይጦች ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛዋ ትንሿ የቤት አይጥ ናት፤ ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው። ሁለተኛው ግድግዳና ጣሪያ መውጣት የሚችለው ትልቁ ጥቁር አይጥ ነው። ሦስተኛዋ ባለ ብዙ ጡት አይጥ የምትባለው ናት። እስከ 12 ጥንድ ጡት ሊኖራት ስለሚችል በአንድ ጊዜ 10 እና ከዚያ በላይ ትወልዳለች። ይህችኛዋ በማሳ ላይ ከርማ እህሉ ሲነሣ ተከትላ ወደ መንደር የምትገባ ናት። ስለሆነም የጥበቃው ሥራ መጀመር ያለበት እህሉ ከአውድማ ከመግባቱ በፊት ነው።

የአይጥ እርግዝና 3 ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ግማሾቹ ቢገደሉና ምግቡ እንዳለ ቢቆይ የቀሩት በጥቂት ወራት ውስጥ ቦታውን ይሞሉታል። ከዚህም በተጨማሪ የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋል። እንጨት፣ ጭቃና ላስቲክ የሚቦረቡረው ለዚህ ጭምር ነው። ትንሿ አይጥ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ትሾልካለች። ውሃም ብዙ አትፈልግም፤ በእህሉ ውስጥ ያለው እርጥበት ሊበቃት ይችላል።

አይጥ የሚጎዳው እህልን ብቻ አይደለም። በሽንቱ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ፣ በኩሱ የሆድ ሕመም የሚያመጡ ተዋሲያንን፣ በቁንጫው ደግሞ አንድ ዓይነት ተስቦ ያስተላልፋል። አይጥ የሄደበት ሌማትና ቡሃቃ ሳይታጠብ ሥራ ላይ መዋል የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ከማድ ቤት ይጀመራል

አይጥ መኖሩ ካጠራጠረ ማታ በግድግዳው ሥር አመድ በስሱ መነስነስ ጥሩ ዘዴ ነው። ጠዋት የእግሩ ዱካ ከየት ወጥቶ የት እንደሚገባ ያሳያል። አይጥ በተለመደ መንገዱ፣ ግድግዳ ተጠግቶ መሄድ ስለሚወድ ቀዳዳው በዚህ በቀላሉ ይገኛል።

ቀጥሎ ራቱን መከልከል ነው። ዱቄት በጆንያ ሳይሆን ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ወይም በርሜል ይቀመጥ። የቡሃቃው ሊጥ ይከደን፤ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ ያልታጠበ ድስትና አተላ አብሮ አይደር። የዶሮ መኖ የተረፈው ማታ ይነሣ። ማገዶና ኩበት ከግድግዳ ተጣብቆ ሲከመር ለአይጥ መኝታ ቤት ስለሚሆን ከግድግዳው ራቅ ብሎ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ቢደረደር ይመረጣል።

ከዚያ ቀዳዳው ይደፈናል። በጭቃ ብቻ የተደፈነ ቀዳዳ ለአይጥ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው። ጠጠርና የጠርሙስ ስባሪ ጠቅጥቆ በላዩ ሲሚንቶ መለሰን፣ ወይም ቁራጭ ቆርቆሮ መምታት ግን ይይዛል። በበሩ ሥር ያለው ክፍተትም መዘንጋት የለበትም። ከታች በኩል አንድ ስንዝር ቆርቆሮ የተመታበት በር አይቦረቦርም።

ጎተራን በሚመለከት ደግሞ እግሮቹ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ቢሉና በእያንዳንዱ እግር ላይ አፉ ወደ ታች የተደፋ የቆርቆሮ ቆብ ቢገባ አይጥ ወጥቶ አያልፈውም። ሆኖም ቆቡ የሚጠቅመው ሌላ መወጣጫ ከሌለ ነው። መሰላሉ ተደግፎ ካደረ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ጣሪያውን ከነካ ወይም የእርሻ ዕቃ ከተከመረበት ወጪው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እህልን ከነቀዝ የሚጠብቀው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢትም በአይጥ ሊበሳ ይችላል። አንድ ጊዜ ከተበሳ አየር ስለሚገባው ከነቀዝም አያድንም። የብረት ጎተራ ግን ክዳኑ በደንብ እስከተዘጋ ድረስ ሁለቱንም ይከላከላል።

ወጥመድና መርዝ

ምግቡና መጠለያው ከተከለከለ በኋላ ውስጥ የቀሩትን በወጥመድ መጨረስ ይቻላል። ወጥመዱ የሚቀመጠው በቤቱ መካከል ሳይሆን በዱካው ላይ፣ ማባበያው ያለበት ጫፍ ወደ ግድግዳው ዞሮ ነው። የተፈጨ ለውዝ ወይም ቁራጭ ቋንጣ ጥሩ ማባበያ ነው። ትልቁ አይጥ አዲስ ነገር ስለሚፈራ ወጥመዱን ለጥቂት ቀናት ሳያጠምዱ ማባበያውን ብቻ ማስለመድ ይጠቅማል። ከለመደ በኋላ ብዙ ወጥመዶችን በአንድ ሌሊት ማጥመድ፣ አንዱን ወጥመድ ለብዙ ሌሊት ከማጥመድ ይበልጣል። የሞተው አይጥ በባዶ እጅ ሳይነካ ጠለቅ ተደርጎ ይቀበራል። ኩሱም በደረቁ አይጠረግም፤ አንድ እጅ በረኪና በ10 እጅ ውሃ በጥብጦ ካራሱት በኋላ ይነሣል።

መርዝን በተመለከተ ጉዳዩ ጥንቃቄ ይሻል። ዚንክ ፎስፋይድ የተባለው ጥቁር ግራጫ ዱቄት ሆድ ውስጥ ሲገባ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ለሰው ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ያለ ስምና ያለ መመሪያ በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጥ መርዝ ምን እንደሆነ ስለማይታወቅ፣ አደጋ ሲደርስ ሐኪሙም ምን እንደሚያክም ይቸገራል። ለነቀዝ የሚውለውን የጋዝ እንክብል በአይጥ ጉድጓድ መክተት ደግሞ ሰው በሚተኛበት ቤት ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል፤ ጋዙ በግድግዳው ስንጥቅ አልፎ መኝታ ይገባልና። መርዝ የግድ ካስፈለገ የግብርና ባለሙያ ባለበት፣ ከማድ ቤት ውጭ፣ ልጅና እንስሳ በማይደርስበት ዝግ ሣጥን ውስጥ ይሁን። ሰው መርዝ ከቀመሰ ደግሞ ወተት በማጠጣትና በግድ በማስመለስ ጊዜ ሳይጠፋ፣ የመርዙን መያዣ ይዞ በአፋጣኝ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

የማኅበሩ ድርሻ

አንድ አባወራ ቤቱን ቢያጸዳና ጎረቤቱ ባያጸዳ አይጡ አጥር ተሻግሮ ይመጣል። ስለዚህ የአይጥ ጉዳይ የአንድ ቤት ጉዳይ ሆኖ አያልቅም። መንደሩ በሙሉ ከአጨዳ በፊት በአንድ ሳምንት ውስጥ ግቢውን ቢያጸዳ፣ ቀዳዳውን ቢደፍንና ወጥመዱን ቢያጠምድ ውጤቱ ተደምሮ ይታያል። ማዳበሪያን በጋራ የሚያቀርብ ማኅበር ቆርቆሮን፣ ክዳን ያለው በርሜልንና ወጥመድን በጋራ ገዝቶ ለአባላት በዱቤ ማቅረብ አያቅተውም።

ሌላም ነገር አለ። ጎተራው የአባወራው፣ ጓዳው የእማወራዋ ተብሎ ስለተከፈለ በስብሰባ ላይ የሚነሣው የጎተራው ብቻ ነው። የትኛው ጆንያ እንደተቀደደ፣ ስንት ቁና እንደጎደለ፣ አይጡ በየት በኩል እንደሚገባ ግን አስቀድማ የምታውቀው በማድ ቤት የምትውለው ሴት ናት። የጓዳው ጉዳይ አጀንዳ ሆኖ ሴቶች አባላት ካልተናገሩበት ሥራው ከግማሽ መንገድ ይቀራል። የወረዳና የቀበሌ ኃላፊዎችም የግብርናና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በዚህ ጉዳይ ላይ አብረው እንዲሠሩ ቢያደርጉ ለአንድ ቤት ሁለት የተለያየ ምክር አይደርሰውም።

ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ1995 ካጸደቃቸው 7 መርሖዎች የመጨረሻው ለማኅበረሰብ ማሰብ የሚለው ነው። ይህ መርሕ ትምህርት ቤትና መንገድ በመሥራት ብቻ አይወሰንም። ሕፃን መርዝ እንዳይነካ፣ እናት ያስቀመጠችው ዱቄት ለልጆቿ እንዲደርስ፣ ለዘር የተለየው እህል እስከ ሰኔ እንዲቆይ ማድረግም ለማኅበረሰብ ማሰብ ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ከተባለ፣ ጎረቤት ካበረ ለአይጥ የሚተርፍ ቀዳዳ አይኖርም። ዳዋውም በከንቱ አይመታም።

መልካም የምሥረታ በዓል ይሁን።