ድፍረት በሚዛን ላይ

የእምነት ድፍረት ሲነሳ ቀድመው የሚታሰቡን ሰማዕታት ናቸው፤ አርበኞችን አላወግዝም ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት የወደቁት አቡነ ጴጥሮስ አንዱ ናቸው። ድፍረት ግን በዕለት ተዕለት ሥራም ይታያል፤ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 3 ሕዝቡ ምን እናድርግ ሲል፣ መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጩን ከታዘዘለት በላይ እንዳይሰበስብ፣ ወታደሩን በደመወዙ እንዲረካ መከረ እንጂ ሥራችሁን ጥላችሁ በረሃ ግቡ አላለም። ይህ ተራ ጨዋነት ነው፤ ድፍረቱ ምኑ ላይ ነው የሚል ይኖራል። ድፍረቱ ዋጋ ማስከፈሉ ላይ ነው፤ ሚዛን የማያጎድል ነጋዴ ትርፉን፣ ጉቦ የማይቀበል ሠራተኛ ወዳጁን ሊያጣ ይችላል። በትንሹ እውነትን ያልለመደ ልብ በፈተና ቀን ከየት ያመጣዋል? ዛሬ ከቤት ስንወጣ እምነታችንን ደጃፍ ላይ ጥለነው አንሂድ።