ስለ እንደራሴ ጥያቄ፤ ለአቃቂ ቃሊቲ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር



የዛሬው ነገራችን አንድ ነው፤ ይኸውም ሕዝብ መርጦ ወደ ምክር ቤት የላከው እንደራሴ ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራትና ስለ ሕክምና መንግሥትን ሲጠይቅ፣ ጥያቄው ኃይል የሚያገኘው ከወዴት ነው የሚለው ነው። እኔ የማምነውን ሳልሸሽግ ልንገራችሁ፤ የእንደራሴ ጥያቄ ኃይሉን የሚያገኘው ከተናጋሪው አንደበተ ርቱዕነት ሳይሆን፣ መራጩ አዘጋጅቶ ከሚያስጨብጠው እውነተኛና ዝርዝር ምስክርነት ነው፤ ስለዚህ እንደራሴያችን ዝም አለ ብለን ከማማረራችን በፊት፣ እኛ ምን አስይዘን ላክነው ብለን ራሳችንን መመርመር ይገባናል።

በጥንቱ የአገራችን ሥርዓት በደል የደረሰበት ሰው መንገዱ አቤቱታ ነበር፤ ስንቁን ቋጥሮ፣ አገር አቋርጦ፣ ከጌታው ደጅ ወይም ከዙፋን ችሎት ፊት ቆሞ «አቤት» ይል ነበር፤ ደጅ መጥናቱም ወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ዓመታት ይወስድ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያው የተጻፈ ሕገ መንግሥት ሲታወጅ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ነገር ግን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ አባላቱን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ እንዲሆኑ ተደነገገ። ሕዝቡ እንደራሴውን በድምፁ መምረጥ የጀመረው ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ለመመረጥ የመሬት ወይም የንብረት ባለቤት መሆን ግዴታ ነበር። በዚያው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ምክር ቤት ገቡ። ይህን ሁሉ የማነሣው፣ ከአቤቱታ ወደ ጥያቄ ለመሻገር አባቶቻችን ምን ያህል ረጅም ጉዞ እንደ ተጓዙ እንድናስተውል ነው፤ አቤቱታ የጌታውን ርኅራኄ የሚለምን ሲሆን፣ ጥያቄ ግን ሥልጣን የተቀበለ ሰው በተቀበለው ሥልጣን ምን እንደ ሠራ እንዲያስረዳ የሚያስገድድ ነው።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በዚህ ረገድ ምንም አላሻማም። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ባጣ ጊዜ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል፤ አንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 17 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል መንግሥት ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራትና የሕግ አስፈጻሚውን አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 43 የዜጎችን መብት ሲዘረዝር፣ በልማት መሳተፍን፣ በተለይም የሚኖሩበትን ማኅበረሰብ በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ መጠየቅን ይጨምራል። እንግዲህ መንገድ በሰፈራችን ሲቆረጥ ወይም ቧንቧ በደጃችን ሲያልፍ እኛን ማማከር የባለሥልጣኑ ቸርነት ሳይሆን ሕጋዊ ግዴታው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ምድር፣ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ልምጣ፤ በዚህ ላይ ጥቂት ብቆይ አትታዘቡኝ፤ ለጥያቄያችን መሠረት የሚሆነው ይህ ነውና። አዲስ አበባ ከፍ ባለ ተራራ ሥር የተቆረቆረች፣ ወደ ደቡብ እያዘቀዘቀች የምትወርድ ከተማ ናት፤ እኛም የምንኖረው በዝቅተኛው ጫፍ ነው። ከላይ ከእንጦጦ ተረተርና ከምዕራቡ ኮረብታ የሚነሡት ወንዞች በትልቁና በትንሹ አቃቂ ተጠቃለው፣ የከተማውን እጣቢ፣ የፋብሪካውን ዝቃጭ፣ የቆሻሻውን ክምር ሁሉ ተሸክመው በእኛ መካከል ያልፉና ወደ አባ ሳሙኤል ይገባሉ፤ ከአገራችን ቀዳምያን የውኃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የሆነው ይህ ግድብ ዛሬ በእምቦጭ የተወረረ ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው። በወንዙ ዳር አትክልት የሚያለማው ገበሬ የሚያጠጣው ይህንኑ ውኃ ነው፤ ያንኑ ጎመንና ሰላጣም መላው ከተማ ይበላዋል። የከተማው የፍሳሽ ማጣሪያም በቃሊቲ ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ተስፋፍቶ ሲመረቅ በቀን እስከ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ ታስቦ የተሠራ ነው። በአንጻሩ ደግሞ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ጋር ሆኖ የዋና ከተማይቱን ጥም የሚቆርጠው በአቃቂ ዙሪያ ከተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች የሚወጣው የከርሰ ምድር ውኃ ነው።

እንግዲህ አስተውሉ፤ ንጹሑ ውኃ ከዚህ ተነሥቶ ወደ ላይ ይሄዳል፣ የቆሸሸውም ከላይ ተነሥቶ ወደዚህ ይወርዳል፤ በዚህ መካከል በገላንና በቂሊንጦ በኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ውስጥ የምትኖር እናት ፈረቃዋን ጠብቃ፣ ቢጫ ጀሪካን ይዛ አራትና አምስት ፎቅ የምትወጣ ከሆነ፣ ይህ ነገር በፍትሕና በርትዕ ሚዛን ላይ ወጥቶ ሊመዘን ይገባዋል። ይህን ስል የላይኛውን ሰፈር ነዋሪ ለመክሰስ አይደለም፤ እርሱም ወንድማችን ነው፣ ውኃም ያስፈልገዋል። የምለው፣ የከተማውን ሸክም የሚሸከም አካባቢ ከከተማው አገልግሎት ተገቢውን ድርሻ ሲጠይቅ እንደ ለማኝ አንገቱን ሊደፋ አይገባውም ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት አላቸው ይላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ብዙዎቻችን የምንስትበት ነገር፣ ማን ምንን ይጠይቃል የሚለው ነው። አዲስ አበባ በአንቀጽ 49 መሠረት ራሷን የምታስተዳድር፣ ለፌዴራሉ መንግሥትም ተጠሪ የሆነች ከተማ ስለ ሆነች፣ እኛ ሁለት ዓይነት እንደራሴ አለን፤ አንዱ በአራት ኪሎ በሚሰየመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ የከተማችን 23 መቀመጫዎች ባሉበት የሚቀመጠው ሲሆን፣ ሁለተኛው 138 መቀመጫ ባለው የከተማው ምክር ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ነው። የመብራት መቆራረጥና የትራንስፎርመር መቃጠል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጉዳይ በመሆኑ ለፌዴራሉ እንደራሴ ይነገራል፤ ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዳማ የፍጥነት መንገድም እንደዚሁ የፌዴራል ነው። ውኃና ፍሳሽ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የከተማ አውቶቡስ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ግን የከተማው አስተዳደር ኃላፊነት ስለ ሆኑ፣ ከንቲባውን ወይም ከንቲባዋን በከተማው ምክር ቤት መጠየቅ የከተማው ተመራጭ ድርሻ ነው። ጥያቄውን ለማይመለከተው ሰው ያቀረበ ሰው፣ «ይህ እኛን አይመለከትም» የሚል መልስ ተቀብሎ ይመለሳል፤ የባከነውም ጊዜ የእርሱ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች፤ እኔ ደግሞ በሽታውን በደፈናው የተናገረም እንደዚያው ነው እላለሁ። አንድ እንደራሴ ተነሥቶ «የአካባቢያችን የመንገድ ችግር መቼ ይፈታል?» ቢል፣ ሚኒስትሩ ወይም የቢሮ ኃላፊው «በዕቅድ ተይዟል፤ በሂደት ላይ ነው፤ ከፍተኛ ርብርብ እየተደረገ ነው» ይላል፤ ጉባኤውም ያልፋል። ነገር ግን ያው እንደራሴ፣ የመንገዱን ስም ጠርቶ፣ ውሉ በየትኛው ዓመት እንደ ተፈረመ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደ ተመደበለት፣ መቼ ሊጠናቀቅ እንደ ነበረ፣ ሥራው በየትኛው ወር እንደ ቆመ፣ በዚህም ምክንያት ስንት ተማሪ በጭቃ እንደሚመላለስ፣ አምቡላንስም እስከ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ለመድረስ በየት በኩል እንደሚዞር ዘርዝሮ «ለመዘግየቱ ተጠያቂው ማን ነው? አዲሱ የማጠናቀቂያ ቀን መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ የደፈናው መልስ ማምለጫ አያገኝም። የተሰጠውም መልስ በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል፤ በዓመቱ ቃለ ጉባኤው ተከፍቶ «እንዲህ ብለው ነበር» ሊባል ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው የጥያቄ ፍሬ ይህ ይመስለኛል፤ የተነገረ ቃል ባለቤት ያገኛልና።

ለዚህ በደጃችን ያለ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የሚመጣው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ብዙ ሠራተኛ ከሰልፍ ተገላግሎ ነበር፤ ለሁለቱም መስመሮች 41 ባቡሮች ተገዝተው እንደ ነበር ይታወቃል። ከዓመታት በኋላ ግን አብዛኛዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ፤ ተሳፋሪውም ወደ ሚኒባስ ወረፋው ተመለሰ። በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ የምረቃው ዕለት መነሣት ነበረበት፤ «ለጥገና በየዓመቱ ምን ያህል ገንዘብ፣ በምን ዓይነት የውጭ ምንዛሪ ተይዟል?» የሚለው ነው። ሕንፃና መንገድ ሲመረቅ ማጨብጨብ መልካም ነው፤ በአሥረኛው ዓመት ቆሞ እንዳይገኝ የሚያደርገው ግን በጭብጨባው መካከል ስለ ጥገና የሚጠይቅ እንደራሴ ነው።

የምክር ቤት ጥያቄ ታሪክ ራሱ የተጀመረው በእንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ነገር ነው። በእንግሊዝ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው የምክር ቤት ጥያቄ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1721 በላይኛው ምክር ቤት የቀረበ ሲሆን፣ ጉዳዩም ብዙ ሕዝብ ገንዘቡን ያጣበት የደቡብ ባሕር ኩባንያ የገንዘብ ያዥ ኮብልሎ ከአገር ውጭ ተይዟል መባሉ እውነት ነው ወይ የሚል ነበር። አንድ የታወቀ ሰው፣ አንድ የታወቀ ገንዘብ፣ አንድ ቁርጥ ያለ ጥያቄ።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «እንደራሴው የገዢው ፓርቲ አባል ከሆነ የራሱን መንግሥት እንዴት ይጠይቃል?» እንደምትሉ አውቃለሁ፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ለዚህ መልሱ በአንቀጽ 54 ይገኛል፤ የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው፤ ተገዢነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ተብሎ ተጽፏል። በምክር ቤት በሰጡት ድምፅ ወይም አስተያየት እንዳይከሰሱም ያው አንቀጽ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ የገዢው ፓርቲ አባል የራሱን ሚኒስትር ስለ ውኃ ቢጠይቅ ክህደት አልፈጸመም፤ የገባውን ቃለ መሐላ ፈጸመ እንጂ። ከ2002 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ በ547 መቀመጫዎች መካከል ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ አባል ሆነው የገቡት ከዚችው ከአዲስ አበባ የተመረጡት አቶ ግርማ ሰይፉ ነበሩ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ድምፃቸው ብቸኛ እንደ ሆነ እያወቁ ተነሥተው ይጠይቁ ነበር። በሐሳባቸው የተስማማም ያልተስማማም ሰው፣ ጥያቄ በድምፅ ብልጫ የማይሻር መሆኑን ከዚያ ሊማር ይችላል፤ ውሳኔ ብዙኃኑን ይሻልና፤ ጥያቄ ግን አንድ ሰው ይበቃዋል።

ለጥያቄው የሚሆነውን ማስረጃ ከየት እናገኛለን ለምትሉ፣ ሕጉ በሩን ከፍቷል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ በጽሑፍ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ መሥሪያ ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት ይደነግጋል፤ ከተከለከልን ለእንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት እንችላለን። የፌዴራሉ ዋና ኦዲተርም በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበው ሪፖርት አለ፤ በዚያ ውስጥ ለቆሙ ፕሮጀክቶችና ላልተወራረደ ገንዘብ የሚሆን ብዙ ማስረጃ ይገኛል። ጊዜውንም ልብ እንበል፤ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፤ በጀቱ የሚመከርበት በግንቦትና በሰኔ ነው፤ በነሐሴ የሚነሣ ጥያቄ ገንዘቡ ተከፋፍሎ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ነው።

እናቶችንና እኅቶችን በተለይ አደራ እላለሁ። ውኃ የሚቀዳው፣ ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያመላልሰው፣ ከመሸ በኋላ በጨለማ መንገድ ከፋብሪካ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ስለ ሆነ፣ የአገልግሎቱን ጉድለት ሰዓትና ቀን ቆጥራ የምታውቅ እርሷ ናት፤ በስብሰባ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምንሰማው ወንዶችን ነው። የእርሷ ምስክርነት ያልገባበት ጥያቄ ጎደሎ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ስንነሣ፣ በየብሎኩና በየቀጠናው የምትኖሩ ሰዎች ተሰብስባችሁ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ብቻ፣ ስሙንና ቦታውን፣ ዓመቱንና ኃላፊውን መሥሪያ ቤት ጠቅሳችሁ በወረቀት ጻፉ፤ ፈርሙበት፤ ቅጂውን በእጃችሁ አስቀሩ። ጥያቄያችሁን እንደራሴያችሁ ለመራጮች ውይይት ወደዚህ ሲመጡ በሕዝብ ፊት አስረክቧቸው፤ መልሱንም ይዘው የሚመለሱበትን ቀን በዚያው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ አስመዝግቡ። በዚያ ቀን እናንተም እንድትገኙ አጥብቄ እለምናችኋለሁ።