የሦስቱ እምቢልታዎች ዋጋ



ብርቅ የሆኑ የትንፋሽ መሣሪያዎችን የሚሰበስብ ሰው ዋጋቸውን በምን ይመዝናል? ብዙዎቻችን በዕድሜያቸውና በመልካቸው እንላለን። እኔም እንደዚሁ አምን ነበር፤ ስሕተቴን ያስተማረኝ እምቢልታ ነው።

እምቢልታ እንደ ዋሽንት በጣት የሚደፈን ቀዳዳ የለውም። አንዱ እምቢልታ ለብቻው የሚያወጣው ድምፅ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ስለሆነ፣ ዜማው የሚገኘው ሦስት ነፊዎች እየተቀባበሉ ሲነፉ ነው። ቀድሞ በነገሥታትና በመኳንንት ፊት ይሰማ የነበረውም በዚህ ዓይነት ነበር።

ከዓመታት በፊት ሦስት የቀርከሃ እምቢልታዎች ገዛሁ። የአንዱ ጫፍ ተሰንጥቆ ስለነበር፣ አንድ ሜትር ከሚሆነው ርዝመቱ 6 ሳንቲ ሜትር በመጋዝ ቆርጬ አሳመርሁት። አንድ አረጋዊ ነፊ ሞክረውት፣ «ልጄ፣ ይህ እኮ ወንድሞቹን ከድቷል» አሉኝ። መሐንዲስ እንደመሆኔ ምክንያቱን አስቀድሜ ማወቅ የሚገባኝ እኔ ነበርሁ። ቧንቧ ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ ከርዝመቱ ከ100 እጅ 6 እጅ ያህሉ ሲቆረጥም በግማሽ ቃና ገደማ ከፍ ይላል።

ስለዚህ መሰብሰብ የምትወዱ ወዳጆቼ፣ ሦስቱን አትለያዩ። ርዝመታቸውን ለክታችሁ መዝግቡ። የተሰነጠቀውን በክር አስራችሁ አቆዩት እንጂ አትቁረጡት። ከሁሉ በፊት ግን ነፊዎቹ በሕይወት ሳሉ ድምፁን ቅዱ። የእኔዎቹ ሦስት እምቢልታዎች ዛሬም ከግድግዳው ላይ ያምራሉ፤ ዜማ ግን የላቸውም።