«ፊልሙ ተቃጥሏል» ሲሏችሁ

(ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች በሀደራ የተደረገ ንግግር)

በሻንጣችሁ ያለውን አሮጌ ነጋቲቭ እባካችሁ አትጣሉ።

ከጎንደር ይዘነው የመጣነውን የእናቴን ነጋቲቭ አንድ ፎቶ ቤት «ፊልሙ ተቃጥሏል» ብሎ መለሰልኝ። ወደ መስኮት አንሥቼ ሳየው ሥዕሉ ጠቁሯል፤ ጠርዙ ግን ጥርት ያለ ነው። ብርሃን ገብቶበት ቢሆን ጠርዙም በጠቆረ ነበር። እንግዲህ ሲነሣ ብርሃን በዝቶበታል እንጂ አልተቃጠለም። ሌላ ባለሙያ ጥቁረቱን በዴንሲቶሜትር ለካው፤ ነጠላዋ ላይ 2.0 አለ (በነጋቲቭ ነጭ ነገር ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው)። 1.0 ሲሆን ከ10 እጅ ብርሃን 1 እጅ ያልፋል፤ 2.0 ሲሆን ከ100 አንዱ ብቻ። ስለዚህ ሲያትም ብርሃኑን ረዘም አድርጎ ሰጠው፤ እናቴ ወጣች።

ነጋቲቩ የሣሣ ከሆነ ደግሞ በጠርዙ የታተመውን ቁጥር ተመልከቱ። ቁጥሩ ደምቆ ሥዕሉ ከሣሣ፣ ሲነሣ ብርሃን አንሶታል። ቁጥሩም ከደበዘዘ አጣቢው ተቻኩሏል፣ ወይም መድኃኒቱ ደክሟል።

ጥቁርና ነጭ ፊልም ማጠብ የሚማሩ ልጆች ካሏችሁ፣ መድኃኒቱ 20 ዲግሪ ይሁን በሏቸው። የሀደራ ሐምሌ የጎንደር ሐምሌ አይደለም፤ የቧንቧው ውሃ ይሞቃል፣ ፊልሙም ከልክ በላይ ይጠቁራል።

ነጋቲቭ በዕብራይስጥ ታሽሊል ይባላል። ከፎቶ ቤት ስትወጡ ፎቶውን ብቻ ሳይሆን ታሽሊሉንም ተቀበሉ።