የትምህርት ቤት ምሳና የእኛ ማሳ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ በልማት ጣቢያ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



እንድናገር የተሰጠኝ ርዕስ በትምህርት ቤት ምገባ ላይ የወጡትንና የተሻሻሉትን የሥርዓተ ምግብ መመሪያዎች የሚመለከት ነው። ይህ የትምህርትና የጤና ባለሙያ ጉዳይ ነው፣ የልማት ሠራተኛ ምን አገባው የሚል ሊኖር ይችላል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ሐሳቤን ያስቀየሩኝ አንድ አባታችን ናቸው። ባለፈው በጋ የመስኖ ማሳቸውን ልጎበኝ ወደ ላፍቶ ወርጄ ሳለ ቆስጣቸውን እያሳዩ፣ «ልጄ፣ ትምህርት ቤቱ ለልጆቹ አትክልት ይገዛል አሉ። የእኔ ቆስጣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሁለት መቶ ሜትር አይርቅም። ታዲያ ከመርካቶ ተጭኖ የሚመጣው ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ቀን የምመልሰው አልነበረኝም። አባታችን ዛሬ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ስላሉ፣ ይህ ንግግር የዘገየ መልሴ ነው ቢባል ይቀላል።

እንደሚታወቀው በአገራችን የትምህርት ቤት ምገባ በዓለም ምግብ ፕሮግራም ድጋፍ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 በጦርነት በተጎዱ የትግራይ አካባቢዎች ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ዓላማ ግልጽ ነው፤ የራበው ልጅ ሆዱ እንዲሞላና ከትምህርት ገበታው እንዳይቀር ነው። ለዚህም ከበቆሎና ከአኩሪ አተር የተዘጋጀ የተመጣጠነ ዱቄት በገንፎ መልክ ይቀርብ ነበር። ገንፎው ብዙ ልጅ አትርፏል፣ አንንቀው። ነገር ግን ከአካባቢው ገበሬ ጋር ብዙም የሚያገናኘው ነገር አልነበረም፤ ከረጢቱ በመኪና ይመጣል፣ ይበላል፣ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 በደቡብና በኦሮሚያ ክልሎች በአገር ውስጥ ምርት ላይ የተመሠረተ ምገባ በሙከራ ደረጃ ሲጀመር ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። በቆሎውና ቦሎቄው ከእኛው ዓይነት ዩኒየኖች መገዛት ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ የወጡትን ሰነዶች አንድ በአንድ ብዘረዝር የበዓሉ ምሳ ይቀዘቅዛል። ዋና ዋናዎቹን ብቻ ልጥቀስ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተገባ። በ2011 ዓ.ም. የአገሪቱ የምግብና ሥርዓተ ምግብ ፖሊሲ ጸደቀ። እ.ኤ.አ. በ2021 አገር አቀፍ የትምህርት ቤት ምገባ ፖሊሲ ወጣ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አማካይነት አገር አቀፍ የአመጋገብ መመሪያ ይፋ ሆነ፤ በዚያው ዓመት የስንዴ ዱቄት በቫይታሚንና በማዕድን፣ የምግብ ዘይት ደግሞ በቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲበለጽጉ የሚያስገድድ ደረጃ ተከተለ። የጨው አዮዲን ከዚህ ሁሉ የቀደመ ነው፤ ደንቡ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የእነዚህ ሁሉ አቅጣጫ አንድ ነው። ቀድሞ ጥያቄው «ልጁ በልቷል ወይ?» ነበር፤ አሁን «ልጁ ምን በልቷል?» ሆኗል። እህል ብቻውን አይበቃም፤ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ የሚቻል ሲሆንም እንቁላልና ወተት ይጨመር ነው የሚባለው።

ወደ ከተማችን እንምጣ። አዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ማቅረብ ስትጀምር ተጠቃሚዎቹ ወደ 300 ሺህ ይጠጉ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቁጥሩ ከ700 ሺህ አልፏል። ሥራውን የሚመራ ራሱን የቻለ የተማሪዎች ምገባ ኤጀንሲም ተቋቋመ። በየትምህርት ቤቱ ድስት የሚጥዱት መጋቢ እናቶች የብዙዎቻችን ጎረቤቶች ናቸው።

አሁን እኔ በራሴ ያሰላሁትን ቀላል ሒሳብ ልንገራችሁ። የመንግሥት አኃዝ አይደለም፤ በማስታወሻ ደብተሬ ጀርባ ላይ የሠራሁት ነው። 700 ሺህ ልጆች እያንዳንዳቸው በቀን 30 ግራም ጥራጥሬ ቢመገቡ በቀን 210 ኩንታል ነው። 50 ግራም አትክልት ቢጨመርላቸው በቀን 350 ኩንታል ነው። በቀን ነው ያልኩት! ሰኞም ማክሰኞም ያው። የጥቅምት ዋጋ፣ የሰኔ ዋጋ እያልን የምንጨነቅ ሰዎች እንዲህ ዓይነት ገዢ አይተን አናውቅም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ለትምህርት ቤት ምገባ ከሚመደበው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከአነስተኛ ገበሬዎች ግዢ እንዲውል ደንግጋ ነበር። እዚህ ያላችሁ ኃላፊዎች ይህቺን ቁጥር በማስታወሻችሁ ብትይዙልን ደስ ይለኛል።

ገበያው ይህን ያህል ከሆነ፣ የአባታችን ቆስጣ ለምን አልገባም? ከዚህ በኋላ የምናገረው ለአንዳንዶቻችሁ ደስ የማይል ሊሆን ይችላልና አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከመካኒሳ ጀምሮ በሳሪስና በላፍቶ በኩል ያለው አትክልት በአብዛኛው የሚጠጣው የትንሹ አቃቂን ውኃ ነው። ወንዙን ሁላችንም እናውቀዋለን። በልጅነታችሁ ዋኝታችሁበታል፤ ዛሬ አህያ እንኳ ሲሻገረው አፍንጫውን ይዞ ነው። ከላይ የቆዳ ፋብሪካው፣ ጋራዡ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ሁሉ ይገባበታል። በዚህ ወንዝ ውኃና አትክልት ላይ በተለያዩ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን በቅጠላ ቅጠሉ ውስጥ ከሚፈቀደው በላይ አግኝተዋል። ቅጠል ከሥርና ከፍሬ ይልቅ ይስባል፤ ሰላጣና ቆስጣ ደግሞ ከቅጠልም የባሱ ናቸው።

አንዲት እናታችን በሥልጠና ላይ «እኛ እኮ ቀቅለን ነው የምንበላው» አሉኝ። መቀቀል ጀርም ይገድላል፣ የወስፋት እንቁላልንም ይገድላል። እርሳስን ግን እሳት አይገድለውም፤ ድስቱ ውስጥ እንደገባ ይወጣል። የሚጎዳውም ከአዋቂው ይልቅ ልጁን ነው፤ ሰውነቱ ከአዋቂ አብልጦ ይወስደዋል፣ የሚነካውም አእምሮውን ነው። ልጁ በደንብ እንዲማር ብለን የምናበላው ምግብ የመማር አቅሙን የሚቀንስ ከሆነ ምን ሠራን?

ስለዚህ አባቴ፣ መልሴ ይህ ነው። በወንዙ ውኃ የበቀለውን ቆስጣ ዩኒየናችን ለትምህርት ቤት እንዲያቀርብ እኔ አልፈርምም። ገበያ ላይ የሚሸጠውም ቢሆን የሰው ልጅ ነው የሚበላው፤ ያንን አላጣሁትም።

ይህን ስነግራቸው አባታችን ዝም ብለው ቆዩና «ታዲያ ማሳዬን ምን ላድርገው? ወንዙን ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ?» አሉኝ። እውነት አላቸው። ወንዙን ያበላሸው ገበሬው አይደለም፤ ገበያ የሚያጣው ግን ገበሬው ነው። ከተማችን በ2017 ዓ.ም. የወንዞችን ብክለት የሚከለክል ደንብ አውጥታለች፤ ቅጣቱ ፍሳሽ የሚለቀው ዘንድ እስኪደርስ ግን እኛ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። የተነጋገርነው እንዲህ ነው። ወንዝ ዳር ባለው መሬት ላይ የማይበላ ነገር፣ ማለትም የአበባና የዛፍ ችግኝ ማፍላት፤ ለዚህች ከተማ ችግኝ የሚገዛ አይጠፋም። ቆስጣውን፣ ጎመኑንና ካሮቱን ደግሞ ወደ ጓሮ አምጥቶ በተመረመረ የጉድጓድ ውኃ ወይም ከጣራ በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ በጠብታ መስኖ ማልማት። መሬቱ ያንሳል፣ አልክድም። ምርቱ ግን ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ የማይመለስ ምርት ይሆናል።

ወተትም ከዚሁ ጋር ይነሳል፤ ላም ያላችሁ አባላት ብዙ ናችሁና። እ.ኤ.አ. በ2015 አካባቢ ይፋ በሆነ ጥናት ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ከተሰበሰቡ 110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለው የሻጋታ መርዝ ተገኝቷል፤ ከሩብ በላይ የሚሆኑት አሜሪካ ለወተት ካስቀመጠችው ጣሪያ ያለፉ ነበሩ። ዋናው ምንጭ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ያ ወሬ የተሰማ ሰሞን ወተት ገዢ አጥቶ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ፋጉሎውን እርጥበት ባለበት መጋዘን ወለል ላይ መከመር፣ የሸገተውን «ለላም ምን አለበት» ብሎ ማብላት መቆም አለበት። ላሟ የበላችውን ለልጁ ታስተላልፋለች።

ሌላውን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስልብኝ የራሴን ጥፋትም ልናገር። በአንድ ወቅት ለአንድ ገዢ የሚላክ አተር ክክ «ደርቋል» ብዬ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ቸኩለን ነበር፤ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። በጥርሴ ሰበር አድርጌ ጥሩ ነው አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከረጢቱ ሲከፈት ሞቆና ሻግቶ ተገኘ፣ ተመለሰልን። ኪሳራው ከአባላት ትርፍ ነው የተቀነሰው። ከዚያ በኋላ የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ጊዜ የጨው ዘዴውን ሳልጠቀም አላሳልፍም። በደረቀ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት የደረቀ ጨውና እህሉን ጨምሮ በደንብ መነቅነቅ ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና አልደረቀም ማለት ነው። ርካሽ ነው፣ ማንም ይሠራዋል።

ስለ ሽሮ አንድ ነገር ብቻ። ጓያ በድርቅም ቢሆን ይበቅላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሽሮ ውስጥ የሚደባልቅ ሰው አይጠፋም። አብዝቶና አዘውትሮ የተበላ ጓያ እግር እንደሚያሰልል አባቶቻችን ከሐኪም በፊት ያውቁት ነበር። በዩኒየናችን ማኅተም በሚወጣ የሽሮ ከረጢት ውስጥ ጓያ ቢገኝ ቦርዱ ምን እንደሚያደርግ ዛሬውኑ ይወሰን ብዬ እጠይቃለሁ።

መመሪያው በወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ይመስላል። ኩሽና ውስጥ ግን ሌላ ነው። እንቁላል ይጨመር ይላል፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምም ሲገባ የሚጾመው ልጅ አይነካውም። በረመዳን ደግሞ የሚጾሙ ልጆች አሉ። ስለዚህ የጾም ቀን ሳህን በራሱ የተሟላ እንዲሆን ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ ሰሊጥና ሱፍ ያስፈልጋሉ፤ ይህ ደግሞ የእኛው የገበሬዎች ዕቃ ነው። ሻይን በተመለከተ መጋቢ እናቶች ሲስቁብኝ እሰማለሁ፤ ቢሆንም ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያግዳል። ብረቱን የሚያግዘው ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሎሚ ነው። ጎመኑም ታጥቦ ይከተፍ እንጂ ተከትፎ አይታጠብ፤ ቫይታሚኑ ከውኃው ጋር ይሄዳል። ይህንን ከእኔ ይልቅ እናንተ እናቶች ብትነግሯቸው ይሰሟችኋል።

ከክፍለ ከተማው ኃላፊዎች የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የጉድጓድና የአፈር ናሙናችን በመንግሥት ላቦራቶሪ በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲመረመርልን፤ የትምህርት ቤቶች የሳምንት የምግብ ዝርዝር ከመዝሪያ ወቅት በፊት ለዩኒየኑ እንዲደርሰን፤ ለቀረበ ምርት ክፍያው በጊዜው እንዲፈጸም። የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል። ገበሬ ግን ሁለት ወር ክፍያ ከጠበቀ በሦስተኛው ወር ለደላላ ይሸጣል፤ አልፈርድበትም።

የአባታችን የጉድጓድ ውኃ ናሙና በሁለት ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ቀኑ ተጽፎበት ተዘጋጅቷል። ከስብሰባው በኋላ የትኛው ቢሮ እንደሚቀበለን የምትነግሩን ኃላፊ ካላችሁ በር ላይ እንጠብቃችኋለን።