ለማያውቁት ሰው ኩላሊትን ስለ መስጠት
(በሬዲዮ የተነገረ)



ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የአካባቢው ኦሮሞና ሶማሌ፥ ከየስፍራው የመጣውም አማራና ጉራጌ፥ ሐረሪና ዐረብ፥ ግሪክና አርመን በቀፊራ ገበያ እየተገናኘ ጎረቤት ሆነ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን ምሳሌ ይህች ከተማ በኑሮዋ አስመስክራለች። ስለዚህ ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ ለነዋሪዎቿ እንግዳ አይሆንባቸውም፤ ይኸውም ሰው በሕይወት ሳለ ከሁለቱ ኩላሊቶቹ አንዱን ለማያውቀው በሽተኛ መስጠቱ ነው።

ኩላሊት ደምን የሚያጣራ፥ ትርፍ ውሃንና ቆሻሻን በሽንት የሚያስወጣ አካል ነው። ሁለቱም ሥራቸውን ያቆሙ እንደ ሆነ በሽተኛው ደሙን በመሣሪያ ማሳጠብ ግድ ይሆንበታል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፥ በየቀኑም 4 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አባወራው ሥራውን፥ ተማሪው ትምህርቱን ለመሣሪያው ይገብራል፤ የቤቱም ጥሪት ያልቃል። ከዚህ ኑሮ ሊያወጣው የሚችለው የሌላ ሰው ኩላሊት ነው።

ይህ ሕክምና በመጀመሪያ የተሳካው በታኅሣሥ 1947 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በቦስተን ከተማ ነው። ዶክተር ጆሴፍ መሬይ የሮናልድ ሄሪክን ኩላሊት ለመንትያ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከለለት። ሪቻርድ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ኖረ፤ ሰጪው ሮናልድም በአንድ ኩላሊት 56 ዓመት ቆይቶ በ79 ዓመቱ ዐረፈ። ኋላም ሰውነት የባዕድን አካል እንዳይገፋ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ስለ ተገኙ፥ መንትያ ያልሆነ፥ ዘመድም ያልሆነ ሰው ለመስጠት ቻለ። በአገራችን ሥራው በ2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር ሰጪዎቹ የበሽተኞቹ ዘመዶች ነበሩ።

ነገር ግን ዘመድ ሁሉ ለመስጠት የሚበቃ አይደለም። አንዱ የደም ዓይነቱ አይስማማም፤ ሌላው የስኳር በሽታ አለበት። ባዕድ ሰው የሚታሰበው በዚህ ጊዜ ነው። በአንዳንድ አገሮችም ተቀባዩ ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ የሚሰጥ ሰው ይገኛል።

አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ስፍራ ነው። በሽተኛው ሲጨነቅና ድኻው ሲቸገር ደላላ በመካከላቸው ይገባል፤ ስጦታውም ሽያጭ ይሆናል። የአካል ሽያጭ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ልጆቹ የራቡበት ሰው ገንዘብ ቀርቦለት እሺ ቢል፥ እሺታው ከልቡ ነው ለማለት ያዳግታልና።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ረገድ አስተዋይ ነው። በቁጥር 19 ላይ፥ አካሉን ለመስጠት ቃል የገባ ሰው በማናቸውም ጊዜ ቃሉን ለመሻር እንዲችል ፈቅዷል። ቃል የተገባለትም ሰው ሊጠይቅ የሚችለው ቃሉን አምኖ ያወጣውን ወጪ ነው እንጂ አካሉን አይደለም። ይህ ለበሽተኛው ጭካኔ ይመስል ይሆናል። ሆኖም እምቢ ለማለት የማይችል ሰው የሰጠው ነገር ስጦታ ሊባል አይገባውም።

ስለዚህ ለመስጠት የሚያስብ ሰው ዋጋ አይቀበል። ቀዶ ሕክምናው አደጋ የሌለበት አለመሆኑን፥ የቀረውም ኩላሊት የሁለቱን ሥራ እንደሚሸከምና ዕድሜ ልክ ክትትል እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ከሐኪም ይረዳ። ቤተ ዘመድም፥ የሃይማኖት አባትም፥ ጎረቤትም አያስገድዱት። ወደ ኋላ ያለውንም ሰው ማንም ፈሪ ብሎ አይስደበው።

ለማያውቁት ሰው መስጠት በኩላሊት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በድሬዳዋ የደም ባንክ 18 ዓመት የሞላው ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ ደም ሊሰጥ ይችላል፤ የሰጠውንም ሰውነቱ መልሶ ይተካዋል። ያ ደም በድል ጮራ ሆስፒታል ለምትወልድ እናት ሲደርስ፥ በከረጢቱ ላይ የተጻፈው የደሙ ዓይነት ነው እንጂ የሰጪው ነገድ ወይም ሃይማኖት አይደለም። በነጻ ፈቃድ መስጠትን ከዚህ የተማረ ሕዝብ፥ ከፍ ያለው ስጦታ በሚጠየቅበት ቀን ስጦታን ከሽያጭ ለይቶ ያውቃል።